አባቴ በጉም ውስጥ ይለያቸዋል፣ ሞዴሌ ግን አቃተው

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ደብረ ብርሃን የኮምፒውተር ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ መንዝ ነው የሚኖሩት፤ በግ ያረባሉ። ለመመረቂያ ሥራዬ የአባቴን 43 በጎች በፊታቸው የሚለይ ሞዴል፣ ማለትም ከፎቶ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ሠራሁ። ጉረኖው በር ላይ በስልክ ቪዲዮ ቀርጬ 2,600 ፎቶ አወጣሁበት። ኮምፒውተሬ ላይ ስፈትነው ከ100 98 አገኘ። በጣም ደስ አለኝ። መስከረም ላይ አገር ቤት ወስጄ መስክ ላይ ስሞክረው ግን ጉድ ሆንኩ። ጉም ነበር፤ አንዳንዶቹም ተሸልተዋል። ያገኘው ከ100 31 ብቻ ነው። አባቴ አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዷን በስሟ ይጠራል። ሞዴሌ የተሠራበት ኒውራል ኔትወርክ የሰውን አንጎል አስመስሎ የተሠራ ነው ብለው አስተምረውናል። ታዲያ ለምን እንደ አባቴ አያይም? በጎቹስ ራሳቸው እንዴት ነው የሚተዋወቁት?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ከታርማ በር በላይ ባለው ደጋ በግ ስጠብቅ ነው ያደግኩት። አሁን እንጀራዬ ኮምፒውተር ምስል እንዲያነብ ማስተማር ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ ልቤ ድረስ ነው የገባው። ረዘም አድርጌ ብመልስልሽ ቅር አይበልሽ።

አጭሩን ላስቀድም። ሞዴልሽ ከአንጎል የተዋሰው የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ይለያያል። የአባትሽ ዓይን በኑሮ የተገራ ነው። ሞዴልሽን ግን ያዘዝሽው «ስሟን በትክክል ተናገር» ብለሽ ብቻ ነው። በምን እንደሚለያት አልነገርሽውም። ስለዚህ ቶሎ የሚያደርሰውን አቋራጭ ይይዛል። ጉረኖው በር ላይ አንድ አቋራጭ ያገኘ ይመስለኛል። በኋላ እመለስበታለሁ።

መምህሮችሽ «አንጎልን አስመስሎ» ያሉት ከመሬት ተነስተው አይደለም። ነገሩ የጀመረው ከድመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ድመት አንጎል ውስጥ፣ ከዓይን የሚመጣው መልእክት በሚደርስበት ከኋላ ባለው ክፍል፣ ቀጭን ሽቦ አስገብተው የአንድ ሕዋስን ምልክት ያዳምጣሉ። ለድመቷ ብርሃንና ጥቁር ነጥብ ያሳዩአታል። ሕዋሱ ዝም። ሰዓታት አለፉ። ከዚያ ነጥቡ ያለበትን መስታወት ወደ ማሳያው ሲያስገቡ ሕዋሱ በድንገት መንጣጣት ጀመረ። የቀሰቀሰው ነጥቡ አልነበረም። የመስታወቱ ጠርዝ ግድግዳው ላይ የጣለው ቀጭን የጥላ መስመር ነው። ያውም በአንድ አቅጣጫ ዘንበል ሲል ብቻ።

ያ ሕዋስ የሚጠብቀው ዘንበል ያለ መስመር ነበር። ጎረቤቱ ደግሞ ቀጥ ያለ መስመር ይጠብቃል። ሌላው አግድም። ከእነዚህ ከፍ ያሉት ሕዋሳት መስመሩ ትንሽ ቢንቀሳቀስም ግድ አይሰጣቸውም። ማየት በደረጃ የሚገነባ ነገር እንደሆነ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ከጠርዝ ይጀምራል፣ ከዚያ ወደ ቅርጽ፣ ከዚያ ወደ ነገሩ። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ ጃፓናዊው ኩኒሂኮ ፉኩሺማ ይህንኑ ደረጃ በኮምፒውተር ሠራው። እ.ኤ.አ. በ1989 ያን ለከን በእጅ የተጻፉ ቁጥሮችን እንዲያነብ አሠለጠነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ የተሠራው አሌክስኔት የሚባል ኔትወርክ 1.2 ሚሊዮን ፎቶ፣ 1,000 ዓይነት ነገር ተምሮ ምስል የመለየት ውድድርን በሰፊ ልዩነት አሸነፈ። አንቺ የተጠቀምሽበትም ኔትወርክ የዚሁ ዘር ሳይሆን አይቀርም።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አሌክስኔት ከሠለጠነ በኋላ የመጀመሪያው ደረጃ ምን እንደተማረ ተመለከቱ። በተለያየ አቅጣጫ ዘንበል ያሉ መስመሮችና የቀለም ጠብታዎች! ማንም አላዘዘውም። ከፎቶዎቹ ብቻ ተነስቶ ድመቷ አንጎል ውስጥ የተገኘውን የመሰለ ነገር ላይ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2014ም ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ዳንኤል ያሚንስና ጄምስ ዲካርሎ ሌላ ነገር አሳዩ። ነገሮችን በመለየት ጎበዝ የሆነ ኔትወርክ የጦጣ አንጎል ሕዋሳት ለአንድ ምስል ምን ያህል እንደሚነቃቁ የመተንበይ ችሎታውም የተሻለ ነው። ስለዚህ ዝምድናው እውነተኛ ነው። አሳንሼ ላየው አልፈልግም።

አሁን ወደ ልዩነቱ እንሂድ። ከዓይን እንጀምር።

እጅሽን ወደፊት ዘርጊና የአውራ ጣትሽን ጥፍር ተመልከቺ። ዓይንሽ በአንድ ጊዜ ጥርት አድርጎ የሚያየው ያንን የምታህል ቦታ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ብዥ ያለ ነው። ዓለም ሙሉ በሙሉ ጥርት ብሎ የሚታይሽ ዓይንሽ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል እየዘለለ ስለሚለቅም ነው። አንድ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉ 126 ሚሊዮን ያህል ሕዋሳት አሉ። ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ግን 1 ሚሊዮን ያህል ክሮች ብቻ ነው ያሉት። ይህ ሁሉ መረጃ እንዴት ያልፋል? ሁሉም አያልፍም። ሬቲና፣ ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ራሱ ጨምቆ፣ መርጦ ይልካል። ካሜራሽ እንዲህ አያደርግም። ካሜራሽ ለበጓ ዓይንና ለጉረኖው አጥር እኩል ፒክስል፣ ማለትም እኩል የምስል ነጥብ፣ ይሰጣል።

ከዚያም በላይ አለ። ከዓይን የሚመጣውን መልእክት ወደ አንጎል የሚያሻግር መለዋወጫ ጣቢያ አለ። ጣቢያው ውስጥ ከሬቲና የሚመጣው ግንኙነት ከ10 አንድ ያህል ብቻ ነው። ከቀረው ብዙው የሚመጣው ከራሱ ከአንጎል ነው። አንጎል ከላይ ሆኖ «ይህን ፈልግ፣ ያንን ተወው» እያለ ይነጋገራል ማለት ነው። «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ይባል የለ? የነርቭ ሳይንስ ይህን አባባል በአናቶሚ አገኘው። አባትሽ ጉም ውስጥ አንድ ግራጫ ጥላ ሲያዩ «ዳለቻዋ ከግልገሏ ጋር ወደ ወንዙ ዳር ወርዳ ነበር» የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ዓይናቸውን ያግዘዋል። የተለመደው ኔትወርክ ውስጥ ግን መረጃ የሚሄደው ወደፊት ብቻ ነው። ፎቶው በአንድ በኩል ይገባል፤ ስሙ በሌላው ይወጣል። አለቀ።

እዚህ ላይ የምወደውን ሙከራ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ሄልድና አላን ሄን የድመት ግልገሎችን ሁለት ሁለት አድርገው አንድ የሚሽከረከር መሣሪያ ላይ አሰሯቸው። አንደኛዋ በእግሯ እየሄደች ታሽከረክረዋለች። ሁለተኛዋ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ ትዞራለች። ሁለቱም የሚያዩት አንድ ዓይነት ነገር ነው። በኋላ ሲፈተኑ በእግሯ የሄደችው ገደል መሳይ ነገር ስታይ ትጠነቀቃለች፣ ሲያወርዷትም እግሯን ትዘረጋለች። ቅርጫት ውስጥ የነበረችው ይህን አታደርግም። ዓይኗ ደህና ነው። ያየችው ነገር ብዛትም እኩል ነው። የጎደላት እያዩ መራመድ ነው።

ሞዴልሽን አስቢው። 2,600 ፎቶ አይቷል፤ አንድ እርምጃ አልሄደም። ቅርጫት ውስጥ እንደነበረችው ግልገል ነው። በጓን ዞር ብሎ ከጎኗ ሊያያት አይችልም። ጠጋ ብሎ ሊያረጋግጥ አይችልም። አባትሽ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ከበግ ጋር ሲሮጡ፣ ግልገል ሲያቅፉ፣ የጠፋች ሲፈልጉ ነው ዓይናቸውን ያበሰሉት።

ስለ በጎቹ የጠየቅሽው የሁሉም ቁልፍ ይመስለኛል። የበግ ዓይን ጠጋ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ብሌኑ እንደ እኛ ክብ አይደለም። እንደ ተኛ ስንጥቅ አግድም ነው። ማርቲን ባንክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2015 የ214 ዓይነት እንስሳትን ብሌን አነጻጽረው ምክንያቱን አስረዱ። አግድም ብሌን ያላቸው በብዛት የሚታደኑ፣ ሣር የሚግጡ እንስሳት ናቸው። ስንጥቁ መሬቱን ከፊትም ከኋላም በሰፊው እንዲያዩ ይረዳቸዋል። ከላይ የሚመጣውን የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ይቀንስላቸዋል። የሚደንቀው ግን ሌላ ነው። በጓ ለመጋጥ ራሷን ስታጎነብስ ዓይኗ ጉድጓዱ ውስጥ ይዞራል። ስንጥቁ ሁልጊዜ ከመሬቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀራል። አፏ ሣር ላይ፣ ዓይኗ አድማስ ላይ ነው።

ቀለም ላይ ግን በግ ከእኛ ታንሳለች። እኛ ቀለም የሚለዩ 3 ዓይነት ሕዋሳት አሉን፤ በግ 2 ነው ያላት። ቀይና አረንጓዴ ለእሷ ብዙም አይለያዩም። ንብ ደግሞ በተቃራኒው እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት ታያለች፤ ቀይ ግን ለእሷ ጨለማ ነው። እኛ አንድ ወጥ ቢጫ የምናየው አበባ ለንብ ማር ወዳለበት የሚመራ ምልክት ሊኖረው ይችላል። «ትክክለኛው ዓይን» የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ ዓይን የባለቤቱን ኑሮ መስሎ የተሠራ ነው።

በጎች ይተዋወቃሉ ወይ? በደንብ እንጂ። ኪዝ ኬንድሪክና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር የሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። በጎች የ50 ሌሎች በጎችን ፊት ከፎቶ ለይተው ተምረው ከ2 ዓመት በላይ አስታውሰዋል። አንጎላቸው ውስጥም ለፊት የሚነቃቁ ሕዋሳት አሉ፤ የሰውንና የጦጣን የሚመስሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ካምብሪጅ ውስጥ በጎች የታዋቂ ሰዎችን ፊት ከፎቶ መለየት ተምረዋል። የሚጠብቃቸውን ሰው ፎቶ ግን ያለ ልምምድ ነው የመረጡት። አገራችን «በግ» ብለን ሞኝ ሰው ስንጠራ ይህን አናውቅም ነበር።

አንድ የመንዝ ጓሳ ምሳሌ ልጨምር፤ ለእናንተ ቅርብ ነው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ጭላዳዎቹ መሀል ገብቶ አይጥና ፍልፈል ሲያድን ይታያል። ጭላዳዎቹ አይሸሹም። አጠገባቸው ያልፋል፤ ሣራቸውን መንቀላቸውን ይቀጥላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት እንደሚለው፣ ቀበሮው ብቻውን ሲያድን ከ4 ሙከራ አንዱ ይሳካለታል። ጭላዳዎቹ መሀል ሲሆን ግን ከ3 ሁለቱ። ውሻ ሲመጣ ደግሞ እነዚያው ጭላዳዎች ወደ ገደል ይሮጣሉ። እስቲ አስቢው። ቀይ ቀበሮና ውሻ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። 4 እግር፣ ሹል አፍ፣ ቆሞ የሚታይ ጆሮ። ጭላዳው በሁለቱ መሀል የሚያየው ልዩነት የፀጉር ቀለም ብቻ አይመስለኝም። ቀበሮው እንዴት እንደሚራመድ፣ ወዴት እንደሚያይ፣ ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገ ያውቃል። ለእንስሳ ማየት ማለት «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ መመለስ አይደለም። «ይህ ምን ያደርገኛል?» ብሎ ማወቅ ነው።

ሞዴልሽ ይህ ጥያቄ የለበትም። ያለበት የነጥብ ጉዳይ ነው። ነጥብ የሚያስገኝለትን ማንኛውንም ነገር ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ማርኮ ሪቤሮና ባልደረቦቹ ይህን ለማሳየት ሆን ብለው አንድ ሞዴል አበላሹ። ተኩላና ሀስኪ የሚባለውን ውሻ እንዲለይ አሠለጠኑት። የተኩላዎቹ ፎቶ ሁሉ በረዶ ያለበት፣ የውሾቹ በረዶ የሌለበት እንዲሆን አደረጉ። ሞዴሉ ተኩላ የተማረ ይመስል ነበር። የተማረው በረዶ ነው። በረዶ ላይ የቆመ ውሻ ሲያሳዩት «ተኩላ» አለ። ሳራ ቢሪና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ላም መስክ ላይ የሚያውቁ ሞዴሎች የባሕር ዳርቻ ላይ ስትቆም እንደሚስቷት አሳይተዋል። ላሟ ያቺው ላም ናት። የጠፋው ሣሩ ነው።

የአንቺም እንዲሁ ይመስለኛል። ጉረኖው በር ላይ እያንዳንዷ በግ በወጣችበት ሰዓት የነበረው ብርሃን፣ ከኋላዋ ያለው ድንጋይ፣ ጸጉሯ ላይ የተጣበቀ ጭቃ፣ እነዚህ ሁሉ ከስሟ ጋር ተያይዘዋል። ሞዴሉ «ቦቃዋ» ሲል ግንባሯ ላይ ያለውን ነጭ አይቶ ይሁን ወይስ ከጀርባዋ የነበረውን ድንጋይ፣ ከ98ቱ ውጤት አይታወቅም።

ሌላም አቋራጭ አለ፤ እሱ ይብሳል። «የበግ ለምድ የለበሰ ተኩላ» ሲባል እንሰማለን አይደል? ሰው እንዲህ ያለውን ተኩላ ቀረብ ብሎ ካየው ያውቀዋል፤ ቅርጹ ያሳብቅበታል። ኔትወርክ ግን በለምዱ ይታለላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ጀርመን ውስጥ ሮበርት ጋይርሆስና ባልደረቦቹ ይህንኑ ሞከሩ። የድመት ቅርጽ ወስደው የዝሆን ቆዳ አለበሱት። ሰዎች ከ100 96 ያህል ጊዜ በቅርጹ ይፈርዳሉ፤ «ድመት» ይላሉ። አሌክስኔት በተማረባቸው ፎቶዎች የሠለጠነ አንድ ታዋቂ ኔትወርክ ግን በቅርጽ የፈረደው 22 ያህል ጊዜ ነው። በቀረው ቆዳውን አይቶ «ዝሆን» አለ።

ይህን ጥናት ሳነብ የራሴ ስህተት ትዝ አለኝ። መንጋ የሚቆጥር ሞዴል ሠርቼ ነበር። ደጋ ላይ ስሞክረው ቁጥሩ ሁልጊዜ በአንድ ይበልጥ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ፈተሽኩ። በመጨረሻ ምስሉን አንድ በአንድ ሳይ ነገሩ ተገለጠልኝ፤ ደበሎ የለበሰውን ትንሽ እረኛ በግ ብሎ ቆጥሮታል። ሁለት እግር፣ በእጁ ዱላ፣ ራሱ ላይ ኮፍያ። ሞዴሌ ይህን ሁሉ አልፎ የበግ ጸጉር አየ።

አሁን ስለተሸለቱት በጎችሽ አስቢ። ሞዴልሽ በጸጉራቸው ነበር የሚያውቃቸው። ጸጉሩ ሲነሳ መታወቂያቸው ጠፋ። ጉሙም የሚያጠፋው መጀመሪያ ይህንኑ ነው። ደቃቁ የጸጉር ጥለት ይደበዝዛል፤ ትልልቁ ቅርጽ ይቀራል። አባትሽ በቀረው ቅርጽ ይሠራሉ። ሞዴልሽ የሚሠራበት ጠፍቶበታል።

ከዚህ የባሰውን በአጭሩ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 ኢያን ጉድፌሎና ባልደረቦቹ የፓንዳ ፎቶ ላይ በሰው ዓይን የማይታይ ትንሽ ለውጥ ጨመሩ። ለኛ ያው ፓንዳ ነው። ኔትወርኩ ግን ጊቦን የሚባል ዝንጀሮ መሳይ እንስሳ ነው አለ፤ ያውም 99 በመቶ እርግጠኛ ሆኖ። ሰው ጉም ውስጥ ሲሳሳት «ማን ናት ይቺ?» ብሎ ይጠራጠራል። ኔትወርክ ሲሳሳት በሙሉ ልብ ነው። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ለፍትሕ ያህል ሌላውንም ወገን ልናገር። የሰው ዓይንም ይታለላል፤ ፊት ተገልብጦ ሲታይ ዘመዳችንን እንኳ ለመለየት እንቸገራለን። አሁን ያሉት ትልልቅ ሞዴሎችም በጣም ብዙ ፎቶ ስለሚያዩ ቅርጽ ላይ ወደ ሰው እየቀረቡ ነው። ደግሞም አባትሽ ፊት ብቻ አይደለም የሚያዩት። አረማመድ ያያሉ። ድምፅ ይሰማሉ። ማን ማንን እንደምትከተል፣ የማን ልጅ እንደሆነች፣ የትኛዋ እንደምታነክስ ያውቃሉ። ሞዴልሽ የተሰጠው አንድ የቆመ ፎቶ ነው። ውድድሩ እኩል አልነበረም።

እና ምን ታደርጊ? ከሁሉ በፊት 98ን እርሺው። ከአንድ ቪዲዮ የወጡ ፎቶዎች መንታ ናቸው። አንዱን ለማሠልጠኛ፣ ቀጣዩን ለመፈተኛ ካደረግሽው ሞዴሉ ፈተናውን ቀድሞ አይቶታል ማለት ነው። ጥያቄው ሾልኮ የደረሰው ተማሪ 98 ቢያመጣ አይደንቅም። ፎቶዎቹን በቀን ከፋፍያቸው። የሰኞና የማክሰኞው ለማሠልጠኛ ከሆነ የዓርቡ ለመፈተኛ ይሁን፤ ቦታውም ይለይ። ቁጥሩ ይወርዳል። አይክፋሽ። ትክክለኛው ቁጥር እሱ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍሽም ከ98ቱ ይልቅ ይህ ታሪክ ነው ዋጋ ያለው። ፈታኞችሽ ፊት በኩራት አቅርቢው።

ቀጥሎ ሞዴሉ የት ላይ እንደሚያይ ፈትሺ። ግራድ-ካም የሚባል ዘዴ አለ፤ ለውሳኔው ምክንያት የሆነውን የፎቶ ክፍል በቀለም ያሳይሻል። ቀዩ ቀለም አጥሩ ላይ ካረፈ ነገሩ ታወቀ። ያኔ ፊቱን ብቻ ቆርጠሽ አሠልጥኚ። በጠዋትም፣ በቀትርም፣ በጉምም፣ ከተሸለቱ በኋላም አንሺያቸው። ሰው ሠራሽ ጉም በኮምፒውተር መጨመር ይቻላል፤ ይረዳልም። የመንዝን ጉም ግን አይተካም። ከተቻለ ካሜራሽን ይዘሽ ጠዋት ከአባትሽ ጋር ውጪ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመሠረቱ ብትለውጪው ደስ ይለኛል። አሁን ሞዴልሽን ያስተማርሽው 43 ስሞችን ነው። በሚመጣው ዓመት ግልገሎች ይወለዳሉ፤ አንዳንዶቹ ለፋሲካ ይሸጣሉ። ታዲያ በየዓመቱ እንደገና ልታሠለጥኚ ነው? ከስም ይልቅ «እነዚህ ሁለት ፎቶዎች የአንድ በግ ናቸው ወይስ የሁለት?» የሚለውን አስተምሪው። የሰውን ፊት የሚለዩ ስልኮች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ያኔ አዲስ ግልገል ስትመጣ ጥቂት ፎቶ መዝግበሽ ትቀጥያለሽ። ከአንድ ፎቶ ይልቅ የ2 ወይም የ3 ሰከንድ ቪዲዮ ስጪውና ውጤቱን አዳምሪ። «አላውቅም» ማለትንም ፍቀጂለት። ሁለት በጎች በጣም ሲቀራረቡበት ስም ከሚቀጥፍ ዝም ይበል። እረኛም ሲጠራጠር ጠጋ ብሎ ነው የሚያየው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ቀላል ሙከራ አድርጊልኝ። ከጉሙ ቀን ፎቶዎች 50 ምረጪ። ጆሮ፣ ጀርባ፣ አጥር ሳይታይ ፊታቸውን ብቻ ቆርጠሽ አንድ በአንድ በስልክሽ ለአባትሽ አሳዪያቸው። ድምፅ የለ፣ አረማመድ የለ፣ ጎረቤት በግ የለ። ልክ ለሞዴልሽ እንደሰጠሽው። ስንቱን እንደለዩ ቁጠሪ። እያንዳንዱን ሲለዩም ምኗን አይተው እንደሆነ ጠይቂያቸውና ያሉትን ቃል በቃል ጻፊው። «አፍንጫዋ ወደ ግራ ሸፈፍ ያለ ነው» ካሉ እንደዚያው ጻፊ። የሁለቱን ቁጥር፣ የአባትሽንና የሞዴልሽን፣ ጎን ለጎን አድርገሽ ላኪልኝ። የትኞቹ ፎቶዎች ላይ አባትሽ እንደተሳሳቱም ለይተሽ ምልክት አድርጊ፤ መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው።